ትንሹ ቶርኖና ትልቁ ብረት

ሰው በእጁ ካለው መሣሪያ የሚበልጥ ሥራ ሲገጥመው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሥራውን ይተወዋል፣ ወይ የአሠራሩን ሥርዓት ይለውጣል። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሮቢት የመስኖ ፓምፕ ዘንግ ቢበላ ወይም የወፍጮ መዘውር ቢሰነጠቅ፣ ይህ ምርጫ ለራያ ገበሬ የማሳው ጉዳይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በአገራችንም ሆነ በውጭው ዓለም የቆየ ታሪክ አለው።

የቶርኖ ሥራ ሕጉ ግልጥ ነው፤ ብረቱ ይዞራል፣ ስለቱ ይልጋል። የብረቱ ወርድ ከማሽኑ እንብርት እስከ አልጋው ካለው ርቀት እጥፍ ከበለጠ መዞር አይችልም። ቢዞርም ሌላ ችግር ይከተላል። ለስላሳ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ያህል እየተላገ መሄድ ይገባዋል እንበል፤ ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ለዚህ 265 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ 300 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ከ27 ጊዜ ማለፍ የለበትም። ትንሽ ቶርኖ ይህን ያህል ዝግ ማለት ስለሚሳነው ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ ስለቱም ግሎ ይደነዝዛል። ስለዚህ አዋቂው ባለሙያ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ትልቁን ብረት አስሮ ያቆምና ስለቱን በዘንግ ላይ ተክሎ ያዞራል።

ይህ ዘዴ ዓለምን የለወጠ ዘዴ ነው። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ባሰበ ጊዜ ሲሊንደሩን አስተካክሎ የሚቦረቡርለት አጥቶ ነበር። የስለቱ ዘንግ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያዝ የብረቱን ጠማማነት ተከትሎ ይሄድ ነበርና። ጆን ዊልኪንሰን ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1775 ገደማ ዘንጉን ከሁለቱም ጫፍ ደግፎ ሠራ። ወርዱ 50 ኢንች የሆነው ሲሊንደር ስሕተቱ ከአንዲት ያረጀች ሽልንግ ውፍረት እንደማያልፍ የዋት ሸሪክ ቦልተን መሰከረ። ድሉ የጉልበት ሳይሆን የድጋፍ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያቋቋሙትን የብረት ሥራ እናገኛለን። በዚያ የተሰበሰቡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚሲዮናውያን እንጂ መድፍ አፍሳሾች አልነበሩም። ያን የሚያህል ብረት አዙሮ የሚልግ ማሽንም አልነበራቸውም። ቢሆንም፣ ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው በቅርጽ አፈሰሱት። ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በብዙ መቶ ሰው እያስጎተቱ፣ ከወራት ድካም በኋላ መቅደላ አደረሱት።

ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ብቻ አልነበረም። በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የሚባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ የላኩት የእጅ ጥበብ ሠራተኞችና ማሽን እንዲያመጣላቸው ነበር። ሠራተኞቹና መሣሪያው እስከ ምጽዋ መጥተው፣ የታሰሩት አውሮፓውያን ባለመለቀቃቸው ምክንያት ወደ ኋላ ተመለሱ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ፤ የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ተራራ ላይ ቆሟል፤ የጋፋት ሙያ ግን ተተኪ ሳያፈራ ቀረ። ትልቁ ሥራ ቀረልን፤ ሥራውን የሚወልደው ዐውደ ጥበብ ግን አልቀረልንም። ስለዚህ በወረዳ ከተማ ያለችውን ትንሽ ቶርኖ፣ ከአጠገቧም ቆሞ ስለት መሳልን የሚማረውን ወጣት ልንንቅ አይገባንም። መድፍ አንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ሙያ ግን ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።