የጭንቀት ሕመሞች

ጭንቀት ሕመም የሚሆነው ሲሰነብት፣ ከምክንያቱ በላይ ሲገዝፍና ኑሮን ሲያሰናክል ነው። መልኩም ብዙ ነው።

በብዛት ከሌላ በሽታ ጋር የሚምታታው የፓኒክ ሕመም ነው። ልብ በድንገት ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጣት ይደነዝዛል፤ ታማሚው «ሞትኩ» ብሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። የልብ ምርመራው ግን ደህና ነው ይላል፤ ድንጋጤውም በደቂቃዎች ውስጥ አይሎ ይበርዳል። የሚከፋው «ይመለስብኛል» የሚለው ስጋት ነው፤ ታክሲ መሳፈርንና ገበያ መውጣትን ያስተዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት በደል ነው፤ ሥቃዩ እውነተኛ ነውና።

አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ቢያንስ ለ6 ወር የሚዘልቅ፣ ከጉዳይ ወደ ጉዳይ የሚዘል ሐሳብ ነው። ማኅበራዊ ጭንቀት ሰው ፊት መናገርን፣ መብላትን ያስፈራል። ፎቢያ በአንድ ነገር ላይ ያተኩራል፤ ደም የሚፈሩ ሰዎች ደግሞ ከሌሎቹ በተለየ የደም ግፊታቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ።

ይኸው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 እትሙ አስገዳጅ ሐሳብንና ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን ከጭንቀት ሕመሞች ምድብ አውጥቷል።

ዋነኞቹ ሕክምናዎች የሚፈሩትን ነገር ደረጃ በደረጃ መጋፈጥን የሚያስተምር የንግግር ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳል፤ ብዙዎች ቶሎ የሚያቋርጡትም በዚህ ጊዜ ነው።