ከልደታ እስከ ቦሌ፦ የደጋ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ

ከሪራ ተነሥቶ ወደ ጎባ የሚጓዝ መንገደኛ የሐረናን ጥቅጥቅ ጫካ ከኋላው ትቶ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሶ ሳነቴ ሜዳ ላይ ብቅ ሲል አስቀድሞ የሚሰማው የትንፋሽ ማጠር ነው። የቦታው ከፍታ 4,000 ሜትር ገደማ ነውና የተሳፈረበት መኪናም እንደ እርሱ ያቃስታል፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለ ሆነ ጉልበቱ ይደክማል። ይኸው መንገደኛ ጎባን አልፎ ሮቤ ሲደርስ ለሁለቱ ከተሞች የሚያገለግለውን የአውሮፕላን ማረፊያ ያገኛል። ሳነቴ ላይ ሰውንና መኪናን ያደከመው አየር አውሮፕላንንም የሚያደክም መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። የአገራችን የአየር ማረፊያዎች ታሪክ፣ በተለይም የቦሌ ታሪክ፣ በአብዛኛው ከዚህ ስስ አየር ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ያን ፍጥነት ለማግኘት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ መንደርደሪያው ካልረዘመ ጭነትን ወይም ነዳጅን መቀነስ ግድ ይሆናል። ሌላ መላ የለውም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ በፈረንሳዊ አብራሪ የተነዳ ፖቴዝ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲያርፍ ይህ ችግር እምብዛም አላሳሰበም፤ ለትንሽና ለቀላል አውሮፕላን ሜዳ ይበቃዋልና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግም ዋና ማረፊያው ልደታ ነበረ። ሥራውን የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ጠንካሮች ስለ ነበሩ በሣር ሜዳ ላይ ሳይቀር ያርፉ ነበር። ተሳፋሪው በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጭነቱ በመካከል ተቆልሎ ይጓዝ ነበር። በክረምት መንገድ ሲቆረጥባቸው ለነበሩት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች እንዲህ ያለው በረራ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የጄት ዘመን ሲመጣ ልደታ ጠበበ። አየር መንገዱ ያዘዛቸው ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች የሚፈልጉትን ያህል መንደርደሪያውን ማርዘም አልተቻለም። በዚህም የተነሣ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በቦሌ ሜዳ፣ በ1953 ዓ.ም. የአዲሱ ማረፊያ መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ ሥራ ተጀመረ። በጥር ወር 1955 ዓ.ም. የጄት አገልግሎት ወደ ናይሮቢ፣ ወዲያውም በአቴንስ በኩል ወደ ፍራንክፈርት ተከፈተ። ማረፊያው በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም የያዘ ሲሆን፣ ከለውጡ በኋላ በሠፈሩ ስም ቦሌ ተብሎ ቀረ።

ይህ ዕጣ የኛ ብቻ አልነበረም። ከአትላንቲክ ማዶ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ የተቆረቆረችው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታም ቴቾ የሚባለው አሮጌ ማረፊያዋ ስላልበቃት በ1952 ዓ.ም. ኤል ዶራዶን ከፈተች። የኤል ዶራዶ ከፍታ 2,550 ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከሮቤ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ሁለቱ የደጋ ዋና ከተሞች በጥቂት ዓመታት ልዩነት አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ፤ ሁለቱም ውለው አድረው ከመጀመሪያው ጎን ሁለተኛ መንደርደሪያ ዘረጉ።

ቦሌ በ1980ዎቹ መጨረሻ በታቀደው የማስፋፊያ ሥራ ከአሮጌው ጋር ትይዩ የሆነ አዲስ መንደርደሪያ አገኘ፤ ርዝመቱም ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። አዲሱ የመንገደኞች ማስተናገጃ በጥር ወር 1995 ዓ.ም. ተመረቀ። እርሱም ሳይቆይ ጠበበና ዳግመኛ ተስፋፍቶ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኞችን ለማስተናገድ የሚችል ሆነ። በዚያው ግቢ የአውሮፕላን መጠገኛዎች፣ የአብራሪዎችና የቴክኒሺያኖች ማሠልጠኛ፣ ለአበባና ለሥጋ የሚሆኑ ቀዝቃዛ ክፍሎች ያሉት የጭነት ማስተናገጃም ይገኛሉ።

ሕንጻው ይህን ያህል ቢያምርም የአየሩ ሕግ አልተሻረም። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚነሣ አውሮፕላን ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ ለመነሣት ስለሚቸገር በመንገዱ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሣ በቀጥታ ይመጣል። ለቀጣዩ ታላቅ ማረፊያ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ቦታ ሲመረጥ፣ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ አንዱ ጥቅሙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ ከተማው ቦሌን ዙሪያውን ከቦ መያዙ ነው።

ይህ ሁለተኛው ምክንያት እኛን የሙያ ሰዎችን ሊያሳስበን ይገባል። ልደታ በከተማ ተዋጠና «ኦልድ ኤርፖርት» የሚል የሠፈር ስም ብቻ አተረፈልን። ቦሌም ሜዳ ሳለ ሩቅ ይባል ነበር። የስሱን አየር ጉዳይ ተፈጥሮ ያመጣችው ነው፤ የቦታው መጥበብ ግን የእኛው አርቆ አለማየት ውጤት ነው። ለዚህም ስሕተት ዋጋ የሚከፍለው ማረፊያው በተዛወረ ቁጥር እርሻውን የሚለቀው ገበሬ ነው። መንደርደሪያ የሚፈልገው ሜዳና ገላጣ መሬት ነው፤ ሜዳና ገላጣ መሬት ደግሞ መልካም የእህል መሬት ነው። ስለዚህ አንድን ማረፊያ ለሃምሳ ዓመት አስቦ መሥራት ለሙያው ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም የሚደረግ ፍትሕ ነው።

የሮቤ ማረፊያ ዛሬ ትንሽ ነው። ነገር ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳውም፣ የሐረና ቡናና ማርም መንገድ ይሻሉ። ሮቤም ከተማ ናት፤ ታድጋለች። በዙሪያው ያለውን መሬት አስቀድሞ ለክቶ መወሰን፣ ለማስፋፊያ የሚያስፈልገውን ከቤት ሥራ መጠበቅ፣ የማያስፈልገውን ደግሞ ለአራሹ በእርግጠኝነት መተው የሚቻለው ዛሬ ነው። ልደታ ይህን ዕድል አላገኘም፤ ቦሌም አመለጠው። ሮቤ ግን ገና በእጃችን ናት።