ጳጉሜን የተወለደው ተማሪና የመዝገብ ዓምድ

ለዚህ የበዓል መጽሔት የቀድሞ ተማሪዎችን ስም ከትልቁ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እንድንገለብጥ በታዘዝን ጊዜ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ነገሩ የሦስት ቀን ሥራ መስሎን ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ጳጉሜን 3 ቀን ተወለደ ከተባለ ልጅ ስም ላይ ስንደርስ ወሩን 13 ብለን ብንጽፍ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ከመካከላችን አንዱ «መስከረም 1 አድርጉትና እንለፍ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ለማሽን ብለን የሰው ልደት እናዛባ?» ሲል ተቃወመ። ይህ ጽሑፍም የተወለደው ከዚያው ክርክር ነው።

ወረቀት የጻፉበትን ሁሉ ይሸከማል። ኤስ ኪው ኤል በሚባለው ቋንቋ የሚሠራ ዳታቤዝ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ገና ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ዓምድ የሚቀበለው ዓይነት ይወሰንለታል። ኢንቲጀር የተባለው ሙሉ ቁጥርን፣ ቫርቻር የተባለው እስከ ተወሰነ ልክ ድረስ ጽሑፍን፣ ዴት የተባለውም ቀንን ይቀበላል። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ቁጥር በጽሑፍ ዓምድ ቢገባ 9 ከ10 በኋላ ይሰለፋልና።

የዚህ ሁሉ መነሻ እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ በ1962 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ ነው። በ1966 ዓ.ም. ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሳሉ ቋንቋውን አቀረቡ፤ በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ መደበኛ ደንብ ወጣለት። ዴት የተባለው ዓይነት በዚያ ደንብ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በፈረንጆች 1992 በወጣው ነው፤ የገባውም የፈረንጆቹን ዘመን አቆጣጠር ይዞ ነው። ስለዚህ የእኛን ወር በቁጥር ብናስገባ ጥቅምት 30ን የካቲት (ፌብሩዋሪ) መስሎት ይመልሳል፤ በአገራችን የሌለውን መስከረም 31ን ግን ደስ ብሎት ይቀበላል! የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የአካባቢያችን 058 በኢንቲጀር ዓምድ ሲገባ 58 ሆኖ ይቀራል።

ለጎጃም ሰው ግን እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ፣ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር እንዲከፈልበት ወሰነ። በዛሬው አነጋገር አንዱ ዓምድ ቁጥርን፣ ሌላው ከሦስት ቃላት አንዱን ብቻ ይቀበላል ማለት ነው። የጎጃም ርስት ግን ከአቅኚው አባት በሚቆጠር ዘር የሚከፋፈል እንጂ በጋሻ የተለካ ስላልነበረ፣ «ስንት ጋሻ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። አዋጁም ጎጃምን፣ ትግሬንና በጌምድርን በቀድሞው ግብራቸው ተዋቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ ግን ገበሬው መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊነጠቅ መስሎት ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ ብዙ ሰው ሞተ። አንዳንዶች ጠቡ የገንዘብ ብቻ ነበር ይላሉ። እኛ ግን ያስፈራው ከብሩ ይልቅ ዓምዱ ነው እንላለን።

ኤስ ኪው ኤል ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነል የሚባል ነገር አለው፤ ትርጉሙም ባዶ ማለት ነው እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። ዜሮ ጋሻ የተጻፈበት ሰው መሬት የለውም፤ ነል የሆነበት ግን መሬቱ አልተለካም። ልዩነቱን ያላወቀ ጸሐፊ ባለርስቱን በአንድ መስመር ከርስቱ ያወጣዋል።

ከዚህ በኋላ ዴት የተባለውን ዓምድ ሰርዘን ቀን፣ ወርና ዓመት ብለን ሦስት የኢንቲጀር ዓምዶች ሠራን። ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑም ከ1 እስከ 30 እንዲሆን፣ ወሩ 13 ከሆነ ግን ቀኑ ከ6 እንዳያልፍ ደንብ አስገባን፤ 6ም የሚፈቀደው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብቻ ነው። መዝገቡ «በጠላት ዘመን ተወለደ» ብቻ ለሚላቸው ሦስቱንም ነል አድርገን ቃሉን በጽሑፍ ዓምድ እንዳለ አኖርነው። ጳጉሜን 3 የተወለደውም ልጅ በ13ኛው ወር ገብቷል።