ኦስቲዮፓቲክ የእጅ ሕክምና፦ ለሐኪሞች ያሉ ከፍተኛ የሥልጠና መንገዶች

ኦስቲዮፓቲክ የእጅ ሕክምና ሐኪሙ መገጣጠሚያንና ጡንቻን በእጁ እየዳሰሰ የሚመረምርበትና የሚያክምበት ዘዴ ነው። በብዛት የሚሰጠው ለወገብና ለአንገት ሕመም ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1892 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ከፈተ።

በአሜሪካ «ዲ.ኦ.» የተባለ ሰው ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምናም ሊሠራ ይችላል። በእንግሊዝ ግን ኦስቲዮፓት የተለየ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ከአውሮፓ ያገኙት የኦስቲዮፓቲ ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ የሐኪም ፈቃድ አያስገኝልዎትም። በዚህ ተሳስተው ጊዜና ገንዘብዎን እንዳያጠፉ።

ዋናው የአሜሪካ መንገድ በኦስቲዮፓቲክ የነርቭ፣ የጡንቻና የአጥንት ሕክምና የሚሰጠው ሬዚደንሲ ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት በቀጥታ ለሚገቡ 3 ዓመት፣ የመጀመሪያውን ዓመት በሌላ ፕሮግራም ለጨረሱ 2 ዓመት ይፈጃል። የቤተሰብ ሕክምናን የመሰለ ሌላ ስፔሻሊቲ ያጠናቀቁ በ1 ዓመት ይጨርሱታል፤ በእኔ እይታ በሥራ ላይ ላለ ሐኪም የሚመቸው ይሄኛው ነው። «ኤም.ዲ.» ያላቸውም ማመልከት ይችላሉ፤ መሠረታዊ የእጅ ሕክምና ሥልጠና ግን አስቀድመው መውሰድ አለባቸው። ከኢትዮጵያ የተመረቁ ከሆነ እንደማንኛውም ሬዚደንሲ የውጭ ተመራቂዎች ሰርተፊኬት (ኢሲኤፍኤምጂ) ያስፈልግዎታል።

በጀርመን ሐኪሞች በስፔሻሊቲያቸው ላይ «የእጅ ሕክምና» የሚል ተጨማሪ ማዕረግ የሚያገኙበት የ320 ሰዓት ኮርስ አለ።

የጥቂት ቀናት ኮርሶችም ሞልተዋል። ለመነሻ አይከፉም፤ ብቁ ባለሙያ ግን አያደርጉም። የራስ ቅልን በመዳሰስ ብዙ በሽታ እናድናለን የሚሉትን በጥርጣሬ ይዩአቸው፤ ማስረጃቸው ደካማ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት «በአሠልጣኝ ክትትል ሥር ስንት ታካሚ እመረምራለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ከባዱ ትምህርት እጅ መቼ እንደማይነካ ማወቅ ነውና። አንገትን በድንገት ማዞር፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ የደም ሥር ቀድዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ወገቡን አሞት የመጣ ሰው ሽንት ከከለከለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው ወይም እግሩ ከዛለ፣ ካንሰር ካለበት ወይም በቅርቡ ወድቆ ከሆነ እጅዎን ሰብስበው አስቀድመው ወደ ምርመራ ይላኩት፤ ሽንት የከለከለውንማ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል።