የመጨረሻው ወራሪ ለምን ይሮጣል?

ኑ እስቲ ቀረብ በሉ፤ የአንድ ጨዋታ ታሪክ ላውጋችሁ። አገሩ ጃፓን ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1978። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሚባል የታይቶ ኩባንያ መሐንዲስ አዲስ ጌም ሊሠራ ተነሣ። ያሰበውን የሚያደርስለት ማሽን ግን አልነበረም። ምን አደረገ? ከአሜሪካ የመጣውን ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ይዞ ቁጭ አለ፤ ሃርድዌሩንም፣ ኮዱን የሚጽፍበትንም መሣሪያ በእጁ ሠራ። ከዚያ ኦክቶፐስ፣ ሸርጣንና ስኩዊድ የሚመስሉ የጠፈር ወራሪዎች ሣለ፤ 5 ረድፍ፣ በየረድፉ 11፣ ሲደመሩ 55። ስፔስ ኢንቬደርስ ተወለደ።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ያ ፕሮሰሰር አቅም የለውም። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ በአንዱ እድሳት የሚንቀሳቀሰው ግን አንድ ወራሪ ብቻ ነው። 55ቱም በሕይወት ሳሉ ሁሉም አንዳንድ እርምጃ እስኪራመዱ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ተጫዋቹ ግማሹን ሲጥል ለቀሩት ተራው ቶሎ ይደርሳል፤ ፍጥነታቸው እጥፍ ይሆናል። የመጨረሻው ብቻውን ሲቀርማ ተራ የሚጠብቅለት ማን አለ? ይበራል! ኒሺካዶ ይህን አየ፤ አየና እንዳለ ተወው። እሰይ! ከበስተጀርባ የሚመቱት 4 ወፍራም ድምፆችም እንደ ከበሮ እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ ያኔ የተጫዋቹ እጅ ላብ በላብ ይሆናል።

በ1989 ኒንቴንዶ ጌም ቦይን አወጣ፤ በ4 ትንንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ቀለም የሌለው፣ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ። በዓመቱ ታይቶ ያንን ጨዋታ ለዚህ ማሽን አቀረበው። ቀለም ማጣቱ ብዙም አይጎዳም፤ የመጀመሪያው ስክሪንም ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለሙ በላዩ ከተደረገ ስስ ላስቲክ ነው የመጣው።

ሌላው ግን ጣጣ ነው። ይህን ጨዋታ ለጌም ቦይ እንደገና ልሥራ ከሚል ሰው ጎን ተቀመጡና እዩ። የፊተኛው ስክሪን ወርዱ 224፣ ቁመቱ 256 ፒክስል ነው፤ የጌም ቦይ ወርዱ 160፣ ቁመቱ 144። ወራሪዎቹ በ16 ፒክስል ርቀት ይሰለፋሉ፤ 11 ጊዜ 16፣ 176! አልገባም። ያሳንሳቸዋል፣ ያቀራርባቸዋል፤ ይህም አለፈ እንበል። ደግሞ ሌላ መጣ፦ ጌም ቦይ በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ምስሎችን በአንድ መስመር ከ10፣ በጠቅላላው ከ40 በላይ አያሳይም። ወራሪዎቹ ግን በረድፍ 11፣ በጠቅላላው 55 ናቸው። 11ኛው ከነአካቴው አይታይም። መውጫው እነርሱን የጀርባ ሥዕል አድርጎ መሣል ነው። የጀርባው ሥዕል ደግሞ 8 በ8 በሆኑ ካሬዎች የተገጣጠመ ስለሆነ፣ ወራሪው 2 ፒክስል ፈቀቅ እንዲል ያው ወራሪ በካሬው ውስጥ እዚህም እዚያም ተሥሎ መዘጋጀት አለበት።

ፈተናው የሚመጣው ይኼኔ ነው። የጌም ቦይ ፕሮሰሰር የ8080 የሥጋ ዘመድ ነው፤ ብዙ ትእዛዞቹን ከእርሱ ወርሷል፤ ግን ይበልጥ ፈጣን ነው። ጀርባውንም በሙሉ በአንዲት ትእዛዝ ወደ ጎን መግፋት ይችላል። ሠሪው በዚህ ከተጠቀመ 55ቱ ወራሪዎች ባንዴ ይንሸራተታሉ፤ ሥራው ቀለለ፣ ኮዱ አጠረ። እኔ ግን ይህን ጨዋታውን መግደል እለዋለሁ። ረድፉ ተራ በተራ እንደ ሞገድ መንቀሳቀሱ ጠፋ፤ የመጨረሻው ወራሪ መፍጠንም በዚያው ጠፋ። ፈጣኑን ማሽን ያዝ አድርጎ፣ እንደ ጥንቱ በአንድ እድሳት አንዱን ብቻ ማራመድ ይሻላል። ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ይሁን።

በ1994 ለጌም ቦይ የወጣው የዚሁ ጨዋታ ካሴት ሌላ መንገድ መርጧል። ሱፐር ጌም ቦይ በሚባል ማገናኛ በኩል ሱፐር ኒንቴንዶ ከሚባለው ትልቅ ማሽን ጋር ሲገናኝ፣ ለዚያ ለትልቁ ማሽን የተሠራ ሌላ ጨዋታ ከውስጡ ይወጣል።

እናንተም የቆየ ጨዋታ በአዲስ ማሽን ልትሠሩ ያሰባችሁ ልጆች፣ አንዲት መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የጥንቱን ተጫወቱት። አንድ ወራሪ እስኪቀር ተኩሱ፤ ከዚያ ተኩሱን አቁማችሁ አካሄዱን እዩ።