የክሬሚዛን የወይን ቦታ

ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ፥ በቤት ጃላ አጠገብ ባለው ተዳፋት ላይ የክሬሚዛን ገዳም ይገኛል። በ1885 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያቋቋሙት የላቲኑ ካህን አባ አንቶንዮ ቤሎኒ ሲሆኑ፥ ኋላ ወደ ሳሌዥያን ማኅበር ተላልፎ ዛሬም ወይን ጠጅ ይጠመቅበታል።

ወደዚያ የሚወጣ ተሳላሚ ጽዋውን ከመቅመሱ አስቀድሞ የወይኑን ዘር ይጠይቅ። ሐምዳኒ፥ ጀንደሊ፥ ዳቡኪ ይሉታል፤ ሁሉም የአገሩ ናቸው። በእስልምና መንግሥታት ዘመን የወይን ጠጅ ጥመቃ እጅግ ሲያንስ፥ የተራራው ገበሬ ሐረጉን አልነቀለም፤ ፍሬውን ትኩሱን እየበላ፥ አድርቆም ዘቢብ እያደረገ፥ ጭማቂውንም አፍልቶ ዲብስ የሚባለውን ማር መሰል ነገር እያወጣ ጠበቀው። ቅዳሴአችን በዘቢብ የሚፈጸም እኛ ይህን ከማንም ይልቅ ልናስተውለው ይገባናል፤ ጠጁን ብቻ የሚያመሰግን ጎብኚ የታሪኩን እኩሌታ ይስታል።

ሸለቆው ግን ዕረፍት አላገኘም። በ2015 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመለያው ግንብ መስመር እንደገና እንዲመረመር በመጀመሪያ ቢያዝም፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የቤት ጃላ ሰዎች የወይራ ዛፎች ተነቅለው ሥራው ተጀመረ። ባለርስቶቹ ክርስቲያኖች ከዚያ አስቀድሞ በየዓርቡ ከነዚያ ዛፎች ሥር ቅዳሴ ያስቀድሱ ነበር።