የጎባጣ ካርቦን ፋይበር ንብርብር ጥንካሬና መላቀቅ

ጎባጣ የካርቦን ፋይበር ንብርብር፣ በኢፖክሲ ሬዚን የተነከሩ ስስ የፋይበር ንጣፎች ተደራርበውና በሙቀትና በግፊት ጠጥረው በቅስት ወይም በማዕዘን መልክ የሚሠራ አካል ነው። በአውሮፕላን ክንፍና ጎን ውስጥ ያሉ ተሸካሚዎች፣ ክፈፎችና የኤል ቅርጽ ማያያዣዎች ከዚህ ወገን ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያበራቸው መካከል ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ፣ ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 53 በመቶው ኮምፖዚት ነው።

ጠፍጣፋ ንብርብር ጥንካሬውን የሚያገኘው ከፋይበሩ ነው። መታጠፊያ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማዕዘኑን ለመክፈት የሚሞክር ኃይል ሲያርፍበት የውስጠኛው ገጽ ይሳባል፣ የውጭኛው ይጨመቃል። የተሳቡት ንጣፎች ቀጥ ለማለት ወደ ውስጥ፣ የተጨመቁት ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ መካከሉ በውፍረቱ አቅጣጫ ይጎተታል። በዚያ አቅጣጫ የተዘረጋ ፋይበር የለም። በፋይበሩ አቅጣጫ ከ2000 ሜጋፓስካል በላይ የሚችል ቁስ በውፍረቱ አቅጣጫ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። ኃይሉ ማዕዘኑን የሚዘጋ ከሆነ ንጣፎቹ እርስ በርስ ስለሚጫኑ የመላቀቅ አደጋ አይኖርም።

የእንዲህ ያለ ቅስት ትክክለኛ ስሌት የሶቪየቱ የሜካኒክስ ሊቅ ሰርጌይ ሌክኒትስኪ ሥራ ነው። በውፍረቱ አቅጣጫ ያለውን ውጥረት በፍጥነት ለመገመት ግን በአንድ ሚሊሜትር ወርድ ላይ የሚያርፈውን የማጠፊያ ሞመንት ሦስት እጥፍ፣ ውፍረቱ በውስጥና በውጭ ሬዲየሶቹ ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ተባዝቶ በሚገኘው ሁለት እጥፍ ማካፈል ይበቃል። የውስጥ ሬዲየሱ 6.4፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና በውፍረቱ አቅጣጫ 50 ሜጋፓስካል ቢችል፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ወርድ 1090 ኒውተን ሚሊሜትር ገደማ ሲደርስ ይላቀቃል። ያው ሞመንት ቀጥ ባለ ሰሌዳ ገጽ ላይ የሚፈጥረው ውጥረት 410 ሜጋፓስካል ግድም ስለሆነ ፋይበሩ ከአቅሙ ሩብ ሳይደርስ አካሉ ያበቃለታል ማለት ነው።

በኤኤስቲኤም ዲ6415 መስፈርት መሠረት የ90 ዲግሪ ናሙና በአራት ዘንጎች ይጫናል፤ ይህም ቅስቱ ላይ ሞመንት ብቻ እንዲያርፍ ያደርጋል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከመሀል ውፍረት ጥቂት ወደ ውስጥ ባለ ቦታ ተነሥቶ በቅጽበት ይሮጣል፤ ጭነቱም በድንገት ይወርዳል። ንጣፎቹ በተለያየ አቅጣጫ ከተደረደሩ ሬዚኑ ውስጥ የሚፈጠሩ ተሻጋሪ ስንጥቆች መላቀቁን ሊቀድሙት ይችላሉ።

የአሠራሩ ጉድለት ከስሌቱ ይልቅ ያሳስባል። ንጣፎቹ በመታጠፊያው ላይ በደንብ ካልተንሸራተቱ ይሸበሸባሉ፣ አየርም ይቀራል። በወንዴ ሞልድ ማዕዘኑ ይሳሳል፣ በሴቴው ይወፍራል። በዚያ ላይ ንብርብሩ ሲቀዘቅዝ በውፍረቱ አቅጣጫ ይበልጥ ስለሚኮማተር የ90 ዲግሪ ማዕዘን አንድ ዲግሪ ገደማ ይጠብባል። ገጣጣሚው ይህን በብሎን ጎትቶ ቢያስተካክለው፣ አካሉ ገና ሳይበር ማዕዘኑን የሚከፍት ጭነት ተሸክሟል።

ሬዲየሱን ማስፋት ርካሹና አስተማማኙ መላ ነው፤ ቦታ ግን ይፈልጋል። በንጣፎች መካከል ጠንካራ ስስ ሽፋን ማስገባት የስንጥቁን መነሻ ያዘገያል። መስፋትና በውፍረቱ ቀጫጭን ካስማ መትከል በአብዛኛው የሚረዱት ስንጥቁ ከተነሣ በኋላ እንዳይስፋፋ በመያዝ ነው፤ ፋይበሩን ወደ ጎን ስለሚገፉም የንጣፉን ጥንካሬ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከጠፍጣፋ ናሙና የተገኘ የጥንካሬ ቁጥር ለማዕዘን አይሠራም፤ ማዕዘኑ በሚመረትበት ሞልድና አሠራር የተሠራ ናሙና መፈተን አለበት።